እኔና አባዬ ያረባናቸው ዓሦች

ካትፊሽ የሚባለው ባለ ጢም ዓሣ ቆሻሻ ይበላል የሚል ሰው ፊቴ ባይቆም ይሻለዋል። እየቀለድኩ አይደለም። ዓሣ የሸጠልን ሰውዬ እንደዚያ አለ፤ እህቴ የሰውዬውን ቃል ይዛ እንደዚያ አለች፤ ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ጣቱን የዓሦቹ የመስታወት ገንዳ ላይ ቀስሮ ያንኑ ይደግመዋል። «እነዚህ ታች ያሉት የጽዳት ሠራተኞች ናቸው አይደል? ምግብ አይፈልጉም፤ የሌሎቹን ቆሻሻ ነው የሚበሉት።» ማንም ፍጡር ቆሻሻ በልቶ አያድርም። ከላይ ያሉት በልተው የተረፋቸውን እየለቀመ፣ ሆዱ ሳይሞላ ይሰነብትና አንድ ቀን ተገልብጦ ይገኛል። ያኔ ደግሞ «ካትፊሽ አይበረክትም» ይባላል። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል።

አኳሪየሙን ያመጣችው ታናሽ እህቴ ናት። እሷ ከባሏ ጋር ሰሚት ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። እኔ ከአባታችን ጋር የካ፣ ዳገቱ ላይ፣ ተወልደን ባደግንበት ቤት ቀርቻለሁ። ቀርቻለሁ ስል ማንም ተቀምጦ ወስኖብኝ አይደለም። እናታችን ስትሞት አንድ ሰው ከአባዬ ጋር መሆን ነበረበት፤ እሷ አግብታለች፣ እኔ አላገባሁም፤ ማንም ሳይጠይቀኝ ነገሩ በዚያው አለቀ። ከዚያ ወዲህ እሷ በአስራ አምስት ቀን አንዴ ሙዝና ብርቱካን ይዛ ትመጣለች። አባዬ የሙዙንና የብርቱካኑን ወሬ ለጎረቤቱ ሁሉ ያደርሳል። ምሳውን፣ መድኃኒቱን፣ የታጠበ ካልሲውን ለጎረቤት ያወራበት ቀን ግን የለም። እሷ ስትሄድ ድስት እየፈተግሁ ለብቻዬ የምናገረውን እዚህ አልጽፈውም።

አባዬ ገበሬ ነበር። አሁን ፎቅ የተደረደረበት ሜዳ ላይ ያርስ ነበር፤ ከግቢያችን ጥግ ደግሞ ላሞች ነበሩት። ከእኛ ጋር በአማርኛ ያወራል፤ ሲናደድና ከከብት ጋር ሲሆን ግን ኦሮምኛ ነው የሚቀናው። መሬቱ ወደ ከተማ ሲገባ ላሞቹ አንድ በአንድ ሄዱ። ጥቂት ዓመት ጉርድ ሾላ አካባቢ አንድ መጋዘን ጠበቀ፤ ጉልበቱ እምቢ ሲለው እሱንም ተወ። ከዚያ በኋላ ሥራው በረንዳው ላይ የፕላስቲክ ወንበር አስቀምጦ የግቢውን በር ማየት ሆነ። ጠዋት እስክቀሰቅሰው አይነሳም። ቀስቅሼው ሲነሳም «ተነስቼ ምን ልሠራ?» ይለኛል። ዕድሜውን ሙሉ ከወፍ በፊት ሲነሳ የኖረ ሰው እንደዚህ ሲል መስማት እንዴት እንደሚያበሽቅ የሰማው ያውቀዋል። ምን ብዬ እንደምመልስለት ስለማላውቅ እቆጣው ነበር።

የደም ግፊቱ ከፍ ሲል ሐኪሙ ጨው ቀንስ፣ አትናደድ አለው። እህቴ ዓሣ ማየት ግፊት ያወርዳል የሚል ወሬ ከየት እንዳገኘች እንጃ፣ አንድ እሁድ መስታወቱን፣ የአየር ፓምፑን፣ አራት ወርቃማ ዓሦችንና ስድስት ትንንሽ ካትፊሾችን ባሏን አሸክማ መጣች።

«ልፋት የለውም» አለችኝ። «ቆሻሻውን እነዚህ ይበሉታል።»

ከዚያ ምሳ በልታ ሄደች።

ልፋት የለውም! እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ዳገቱ ላይ ስለሆንን ፈረቃችን ደርሶም ጉልበቱ አንሶ ከታች የሚቀርበት ሳምንት አለ። ሲመጣ ልብስ ይታጠባል፣ በርሜል ይሞላል፣ ጄሪካን ይደረደራል። ለዓሣ የሚሆነው ደግሞ የተገኘው ሁሉ አይደለም። በቧንቧው ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ስለሚገድላቸው ባልዲ ተከፍቶ ሁለት ቀን አየር ማግኘት አለበት። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ፓምፑ ሲቆም በኩባያ እየቀዳሁ ከላይ መልሼ አፈሳለሁ፣ አየር እንዲገባበት። ከሥራ ገብቼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ ስምንት መቶ ጊዜ የቀዳሁ የሚመስለኝ ቀን አለ። እሷ ስትደውል «አባዬ፣ ዓሦቹ እንዴት ናቸው?» ትለዋለች። «ደህና ናቸው፣ ተባረኪ» ይላታል።

ወርቃማዎቹ ሁለት ወር አልሞላቸውም። አንዱ ሲሞት ሌላው እየተከተለው አለቁ። የቀሩት እነዚያ ምግብ አይፈልጉም የተባሉት ናቸው። ዕቃውን ጠራርጌ ለመመለስ አስቤ ነበር፤ ግን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብዬ አየኋቸው። ጣት አይሞሉም። ቡናማ ናቸው፤ ብርሃን ጎናቸውን ሲያገኘው አረንጓዴ ይሆናል። አፋቸው ዙሪያ እንደ ሽማግሌ ሪዝ ያለ አጭር ጢም አላቸው፤ በእሱ አሸዋውን እየዳበሱ ይፈልጋሉ፣ ይፈልጋሉ፣ ምንም አያገኙም። ሆዳቸው ከጀርባቸው ተጣብቋል። አፈርኩ። ከዚያ ተናደድኩ፤ እኔ ሳፍር የምናደድ ሰው ነኝ።

በማግስቱ የሚሰጥም የዓሣ ምግብ ገዛሁ። አባዬ ነገሩ ሲገባው ወደ ጓሮ ወጣና የቀድሞው የላሞቹ ማደሪያ የነበረበትን አፈር ቆፍሮ የምድር ትሎች ይዞ መጣ። በቢላ ደቃቅ አድርጎ ከትፎ ጣለላቸው። ስድስቱም ከየተደበቁበት ወጥተው ተረባረቡ። አባዬ መስታወቱ አጠገብ ጎንበስ ብሎ «ኛዻ፣ ኛዻ» አላቸው፤ ብሉ ብሉ ማለቱ ነው። ሳይናደድ በኦሮምኛ ሲያወራ ከሰማሁት ስንት ዓመቴ።

ወር ሳይሞላቸው ወፈሩ። አንድ ቀን ምሳ አቅርቤ ስጠብቀው አልመጣም፤ ወንበሩን አኳሪየሙ ፊት አድርጎ ተቀምጧል።

«ያቺና ያቺ ከብደዋል» አለኝ።

ሳቅሁበት። «ዓሣ እኮ ነው አባዬ፣ ጊደር አይደለም።»

«ከርሱ የገፋ ከብትና የጠገበ ከብት እኔን ልታስተምሪኝ ነው?»

እውነቱን ነበር። ሁለቱ ከላይ ሲታዩ ጎናቸው ሰፍቷል። ነገር ግን ምንም አልሆነም፤ ሳምንታት አለፉ። ከዚያ የቧንቧው ውሃ አሥር ቀን ሙሉ ጠፋ። ያን ሰሞን የበልግ ዝናብ ጀምሮ ነበርና ደመናው ከእንጦጦ እየወረደ በየከሰዓቱ ይዘንባል። አሸንዳው ሥር የደረደርኩትን የዝናብ ውሃ፣ ሌላ ስላልነበረኝ፣ እየተራገምኩ ገለበጥኩባቸው። እጄን የሚያቃጥል ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ሊሞቱ ይችላሉ ብያለሁ፤ ያን ቀን ግን ቢሞቱም ግድ አልነበረኝም።

በማግስቱ ጠዋት እንደ እብድ መስታወቱን ሽቅብ ቁልቁል እየሮጡ አገኘኋቸው። ሴቷ አፏን ከወንዱ ሆድ ጋር ገጥማ ትንሽ ትቆያለች፤ ከዚያ ሁለት ሦስት እንቁላል በሆዷ በኩል ባሉት ክንፎቿ መካከል አቅፋ መስታወቱን ትመርጣለች፣ በጢሟ ትጠርገዋለች፣ ትለጥፈዋለች። ደግማ ትሄዳለች። አባዬን ልጠራው ስዞር ከኋላዬ ቆሟል።

«ክረምት የገባ መስሏቸዋል» አለ። «ከብትም እንደዚሁ ነው፤ ሰማዩን ያያል።»

ከሥራ ስመለስ ግን መስታወቱ ላይ አንድ እንቁላል አልነበረም። በልተዋቸዋል። አባዬ እንደተሰደበ ሰው ነው የሆነው። «የገዛ ልጆቻቸውን!» አለና ያን ቀን ትል ሳይከትፍላቸው ዋለ።

በሁለተኛው ጊዜ እንቁላሎቹን በጣቴ እያንከባለልኩ አውጥቼ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አስቀመጥኳቸው፤ ሻጋታ እንደ ጥጥ ሸፍኖ ጨረሳቸው። ሦስተኛው ላይ ብልሃቱን አገኘን። የፓምፑ ቱቦ ከሳህኑ ገባ፤ የነጣውን እንቁላል አባዬ በመርፌ ጫፍ እያነሳ ይጥላል፤ ውሃው ጠዋትና ማታ በዝናብ ውሃ ይለወጣል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ መርፌውን ሲይዝ ግን ትንፋሹን ዋጥ ያደርግና ይጸናል። በአራተኛው ቀን ተፈለፈሉ። ከቅንድብ ፀጉር አይበልጡም። ዓይን አላቸው፤ ጭራ አላቸው፤ ሳህኑ ወለል ላይ ተለጥፈው ይርገበገባሉ።

የሚበሉት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የእንቁላል አስኳል ቀቅዬ በጨርቅ አጥልዬ አንዲት ጠብታ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ውሃው ይበላሻል። ዓሣ ሻጩ በማንኪያ የሰጠኝን በዓይን የማይለዩ ትሎች በአጃ ገንፎ ላይ በቆርቆሮ አራባሁ፤ ሽታው ቤቱን አስለቀቀን። ግድ አልሰጠኝም። አባዬ ጠዋት ሳልቀሰቅሰው እየተነሳ ነበርና። በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ጋቢውን ደርቦ ይቆጥራቸዋል። አንድ ቀን ሠላሳ አራት፣ አንድ ቀን ሠላሳ ሰባት ይላል፤ ቁጥሩ አንድ ቀን እንኳ ገጥሞለት አያውቅም። ወንበሩ ከበረንዳ ገብቶ ሳሎን ቀረ። ግቢው በር ላይ ማን ገባ ማን ወጣ ማለቱን ተወ። ለሐኪሙ ሳይቀር ስለእነሱ ነገረው። ያንን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ያ የእኔ ሥራ ነበር፤ የእኔና የእሱ። ሙዝ ይዞ የሚመጣ ሰው እጁ አልነበረበትም።

ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ፣ እህቴ ቤቱን ለበዓል ላጥብላችሁ ብላ መጣች። እኔ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው፤ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ነን። ከዚያ ሾላ ገበያ ሽንኩርት ገዝቼ፣ ታክሲው ዳገቱ ሥር አውርዶኝ፣ ሁለት ፌስታል አንጠልጥዬ ስገባ ስምንት ሰዓት ሆኗል። የበረኪና ሽታ የተቀበለኝ ከግቢው በር ነው። እህቴ እጅጌዋን ሰብስባ ሳሎን ትወለውላለች። ባሏ ሊወስዳት መጥቶ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። አባዬ ወንበሩ ላይ ነው። ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ እንደነበረ አለ።

ፌስታሉን ሳላስቀምጥ አየሁ። ሁሉም ነጥተው ወለሉ ላይ ተኝተዋል። ፓምፑ አየሩን ይነፋል፤ በነፋ ቁጥር እንደ ገለባ ይነሱና ይመለሳሉ። ሳህኑን አሸተትሁት። ክሎሪን ነው።

ቱግ አልኩ። የተናገርኩትን ሁሉ ላስታውስ አልፈልግም፤ ግን አስታውሰዋለሁ። አንቺ የነካሽው ነገር በጎ ሆኖ አያውቅም አልኳት። እናታችን አልጋ ላይ ስትማቅቅ የት ነበርሽ አልኳት። ሙዝሽን ይዘሽ እንደ እንግዳ መጥተሽ፣ ምርቃትሽን ሰብስበሽ ትሄጃለሽ፤ አባዬን ሌሊት ሽንት ቤት እየደገፈ የሚወስደው ማን እንደሆነ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። ልጅ ከሌለኝ ልጅ የሚመስለኝን ሁሉ ልትገይ ነው ወይ አልኳት። ይህን የመጨረሻውን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ በልቤ እንዳለ አላውቅም ነበር። ባሏ ዓይኑን ወደ ስልኩ ደፋ።

እህቴ እጇን አየች። የበረኪናው ውሃ ከጣቶቿ ይንጠባጠባል። ከዚያ ወደ አባዬ አየች። ከዚያ ወደ እኔ።

«ይቅርታ፣ አላወቅሁም» አለች። ሌላ አንዲት ቃል አልጨመረችም። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ አባዬን ጉንጩን ስማው ከባሏ ጋር ወጣች።

«ተያት» አለኝ አባዬ፣ በሩ ሲዘጋ። «ሳታውቅ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ዓሦቹ ሞተዋል፣ አባዬ ኩምትር ብሏል፣ እኔ ግን ውስጤ ቅልል ብሎኛል። ለዓመታት ስፈልገው የነበረ ጥፋት በመጨረሻ እጅ ከፍንጅ ተይዟል። ፋሲካን አልመጣችም። ለአባዬ ስልክ ትደውላለች፤ እኔን አትጠይቅም፤ እኔም ስልኩን አቀብዬ ወደ ማድ ቤት እገባለሁ። አባዬ ወንበሩን መልሶ በረንዳ አወጣ። ጠዋት ጠዋት መቀስቀስ እንደገና ጀመርኩ፤ ስቀሰቅሰው ደግሞ በልቤ እሷን እየረገምኩ ነው። ለእያንዳንዱ ማለዳ ጥፋተኛ ነበረኝ።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ጠንክሮ መጣ፤ እኛም የዝናቡን ውሃ ገለበጥን፤ እነሱም ወለዱ። እንቁላሎቹን አወጣሁ፣ አባዬ በመርፌው ለቀመ፣ በአራተኛው ቀን ተፈለፈሉ። ወንበሩ ወደ ሳሎን ተመለሰ። ሳምንት በሆናቸው ጊዜ፣ እሁድ ጠዋት፣ ማድ ቤት አጃውን እያማሰልኩ ቀና ስል አባዬን በበሩ አየሁት። ሳህኑ ፊት ቆሟል። በእጁ የመጠጥ ውሃ ማከሚያዋን ጠርሙስ ይዟል፤ ክዳኑ ጠብቆበት እየታገለ ነው።

እዚህ ላይ ስለዚያች ጠርሙስ መናገር አለብኝ። አባዬ ታይፎይድ ይዞት ሆስፒታል ከተኛ ወዲህ በየጄሪካኑ አንድ ክዳን ማከሚያ ሳይጨመር ውሃ እንዳይጠጣ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ውስጡ ያለው ክሎሪን እንደሆነ አልነገርኩትም፤ ጀርም ይገድላል፣ ጤና ነው ብዬዋለሁ። እየጮህኩ፣ ጣቴን እየቀሰርኩ፣ እንደ ሕፃን እያስደገምኩ ነው ያስተማርኩት። ተምሯል። ሳያክም አንድ ጉንጭ አይቀምስም።

«አባዬ፣ ምን ልታደርግ ነው?»

«ላክምላቸው ነዋ።» ዞሮ አየኝ፤ ፊቱ ላይ አንዳች ተንኮል የለም። «ባለፈው አንድ ክዳን ነበር ያደረግሁላቸው። አንሷቸው ሳይሆን አይቀርም በረኪናው የጎዳቸው። አሁን ሁለት ላደርግላቸው ነው።»

ማማሰያውን ድስቱ ውስጥ ተውኩት። ሄጄ ጠርሙሱን ከእጁ ወሰድኩት፤ ቀስ ብዬ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብዬ የወሰድኩት ነገር የለም።

«እኔ ጠዋት አድርጌላቸዋለሁ» አልኩት። «ይበቃቸዋል። ከአሁን በኋላ ይህቺን ለእኔ ተውልኝ፣ እሺ?»

«እሺ» አለና መቁጠሩን ቀጠለ።

ከግቢው ወጣሁ። ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ጭቃው ላይ ቆሜ ለእህቴ ደወልኩ። በሁለተኛው ጥሪ አነሳችው።

«አባዬ ነው ያደረገው» አልኳት። ሰላምታም አላቀረብኩም።

«አውቃለሁ።»

«እንዴት ታውቂያለሽ?»

«ሲጨምርበት አይቼዋለሁ። ሁልጊዜ የምታደርጉት መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት። አንቺ ሳህኑን ስታሸቺው ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ስሰድብሽ ለምን አልተናገርሽም? አፍ የለሽም?» ድምፄ እየጨመረ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ሆኖም እየጮህኩባት ነው። «ሁለት ወር ሙሉ እኮ ነው!»

ከኋላዋ የሚታጠብ ሳህን ድምፅ ይሰማል።

«አጠገብሽ ተቀምጦ ነበር እኮ» አለችኝ።

ለዓመታት አባዬን የምጠብቀው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ለራሴም ለሰውም ስናገር ኖሬአለሁ፤ ያን ቅዳሜ እሱን ከእኔ ከራሴ የጠበቀችው እሷ ናት። ንዴቱ አልወጣልኝም፤ አሁንም አልወጣልኝም። ብቻ የምጥልበት ሰው አጣሁ። ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ።

«የሚቀጥለው እሁድ ትመጫለሽ» አልኳት። ልመና ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ጩኸት ነው።

«እሺ» አለች፣ ሁልጊዜ እንደምትለኝ።